ለሲጋሩ ሳጥን፣ ለጋያው ስድብ

ባለፈው ቅዳሜ ጂንካ አንድ ወዳጄ ቤት ሄጄ ነበር፡፡ ቤት ስላችሁ ሳሎንና ጓዳ እንዳይመስላችሁ፡፡ ሦስት በአራት የሆነች የሰርቪስ ክፍል ናት፤ አልጋ፣ ሻንጣ፣ ቡታጋዝ፣ የውሃ ጀሪካን፣ በቃ፡፡ ኮርኒሱ ከጎረቤት ክፍል ጋር ስለሚገናኝ ጎረቤት ሲያስነጥስ እናንተ «ይማርህ» ትላላችሁ፡፡

በዚህች ክፍል ውስጥ ከሁሉ የተሻለው ቦታ፣ ድሮ መጻሕፍት የነበሩበት መደርደሪያ፣ አሁን ለአንድ የሚያብረቀርቅ የእንጨት ሳጥን ተሰጥቷል፡፡ ሂውሚዶር ይባላል፡፡ ሲጋር እንዳይደርቅና እንዳይሻግት የሚቀመጥበት ሳጥን ነው፤ ዘመድ ከውጭ አመጣለት፡፡ መጻሕፍቱስ? አልጋ ሥር ገቡ፡፡

እውነቱን ለመናገር ገለጻው ደስ ይላል፡፡ ሲጋር ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል፡፡ ሲያንስ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ሲበዛ ይሻግታል፡፡ ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ቅጠሉ ውስጥ የተደበቀው የትምባሆ ነቀዝ እንቁላል ይፈለፈልና ሲጋሩን እንደ ወንፊት ይበሳሳዋል፡፡ የሳጥኑ ውስጥ በስፓኒሽ ሴዳር የተለበጠ ነው (ስሙ አያታልላችሁ፣ ዛፉ የስፔንም አይደለም፣ ሴዳርም አይደለም፤ የላቲን አሜሪካ ነው)፡፡ የእርጥበት መለኪያው እንዳይዋሽ ደግሞ ይፈትነዋል፡፡ ቆርኪ ላይ ጨው አድርጎ በጥቂት ጠብታ ውሃ ያርሰውና ከመለኪያው ጋር ላስቲክ ውስጥ ያሽገዋል፡፡ በማግስቱ 75 በመቶ ካሳየ መለኪያው እውነተኛ ነው፡፡

ጂንካ ውስጥ ይህ ሁሉ ቀላል አይደለም፡፡ ከተማችን በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናብ ታያለች፤ በዝናቡ ወራት ጫማ እንኳ አልጋ ሥር ይሻግታል፡፡ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን እንዳይገዛ መብራቱ አያስተማምንም፡፡ እኔም እንደ ጓደኛ ምክር ሰጠሁት፡- «ቦታ ለጠበበው ሰው ሳጥኑ ራሱ አያስፈልግም፡፡ ክዳኑ ጥርቅም የሚል የፕላስቲክ የምግብ ዕቃ፣ ውስጡ አንድ እርጥበት የሚያስተካክል ፓኬት፣ ከዚያ ጨለማና ቀዝቃዛ ጥግ፡፡ ፈረንጆቹም ቦታ ሲያጥራቸው እንደዚያ ያደርጋሉ፡፡ መጻሕፍትህም ይመለሳሉ፡፡»

ፊቱን አጨማደደ፡፡ «እንግዳ ሲመጣ የፕላስቲክ ዕቃ ላሳይ?»

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው፡፡ ሳጥኑ ሲጋሩን ከሻጋታ ይጠብቃል፤ ይህን ግን የፕላስቲክ ዕቃውም ይችላል፡፡ ወዳጄ ከሳጥኑ የሚፈልገው ሌላ አገልግሎት ነው፤ ባለቤቱን ከ«ተራ አጫሽ» እንዲለይለት፡፡

ከዚያ ገበያ ወጣን፡፡ የጂንካን የቅዳሜ ገበያ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አሪው፣ ባናው፣ ሙርሲው፣ ከመሐል አገር የመጣው ነጋዴ ሁሉ የሚገናኝበት ነው፡፡ አንዲት የሙርሲ እናት ጥግ ይዘው ጋያቸውን ያጨሳሉ፡፡ ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ ሳያስፈቅዳቸው ቀጭ አደረገና ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ፡- «አየህ ኋላ ቀርነት!»

ልብ በሉ፤ ከአፉ የጠዋቱ ሲጋር ሽታ ገና አልጠፋም፡፡

ወዳጄ፣ እስቲ እንነጋገር፡፡ አንተ ሳጥን ውስጥ ያለው ቅጠልና እሳቸው ጋያ ውስጥ ያለው ቅጠል ዘመዳሞች ናቸው፡፡ ሁለቱም ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው፤ ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት አሜሪካን እንጂ አፍሪካን ትምባሆ አያውቃትም ነበር፡፡ ትምባሆን ለማቆየት ብልሃት የተፈጠረው ያንተ ሳጥን ሲሠራ ነው ካልክም ተሳስተሃል፡፡ በደቡብ ኦሞ ቅልና ቀንድ የትምባሆ ዕቃ ሆነው ሲያገለግሉ ኖረዋል፡፡ ሥራቸው ያው ነው፤ ቅጠሉ ዝናብ እንዳይነካው፣ እንዳይበተን፣ ለባለቤቱ እንዲደርስ ማድረግ፡፡ ልዩነቱ ቅሉ ላይ ቫርኒሽና የሚያብረቀርቅ መቆለፊያ አለመኖሩ ነው፡፡

ይህ ንቀት ደግሞ ዛሬ የተጀመረ አይደለም፡፡ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ የሚያጨሰውን ከንፈር፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫ ያስቆርጡ እንደነበር ተጽፏል፡፡ ቅጣቱ ጭካኔ ነው፡፡ ቢያንስ ግን ቅጠሉን በዕቃው አላበላለጡትም፡፡ የማበላለጡ ነገር የመጣው ቅጠሉ መታሸግ ሲጀምር ነው፡፡ በ1942 እ.ኤ.አ. ትምባሆ የመንግሥት ሞኖፖል ሆነ፡፡ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጃፓኑ ጄቲአይ ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፡፡ በፋብሪካ ሲጠቀለል «ኢንቨስትመንት» ተባለ፤ በሳጥን ሲገባ «ክላስ» ተባለ፤ በጋያ ሲጨስ ግን «ኋላ ቀርነት»፡፡ ይኸው ነው ስልጣኔያችን፤ ማሸጊያ፡፡

«ታዲያ ጋያውን ልታወድስ ነው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፡፡ በፍጹም፡፡ ባህል ነው ብሎ ማለፍ ሌላኛው ንቀት ነው፡፡ ትምባሆ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል፤ ሲገድል ጋያ ነው ሀቫና ብሎ አይጠይቅም፡፡ እንዲያውም ለካንሰር ሕክምና ከጂንካ ብዙ መንገድ መጓዝ ለሚኖርባቸው ለእኚያ እናት ጉዳቱ ይከፋል፡፡ የሚቆረቆርላቸው ካለ ይህን ቁጭ ብሎ ይንገራቸው፡፡ ፎቶ አንስቶ መሳቅ ምክር አይደለም፡፡

ወዳጄ የሚመዘው የመጨረሻ ካርታ ደግሞ ይህ ነው፡- «እኔ ጭሱን አልውጠውም፤ ሲጋር ጣዕም እንጂ ሱስ አይደለም፡፡» ጥሩ፡፡ አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኬት ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል፡፡ ጭሱ ባይዋጥም አፍና ጉሮሮ ይነካል፤ ካንሰሩም እዚያው ይመጣል፤ ኒኮቲኑም በአፍ ሽፋን በኩል ይገባል፡፡ ሲጋርን የአብዮተኛ ምልክት ያደረጉት፣ በ1978 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ድረስ የመጡት ፊደል ካስትሮ እንኳ በ1985 እ.ኤ.አ. ማጨስ አቁመዋል፡፡ የሀቫናው ባለቤት የተወውን አንተ በሰርቪስ ክፍል ውስጥ ቤተ መንግሥት ሠራህለት፡፡

አሁን ወደ ሦስት በአራቷ ክፍል ልመልሳችሁ፡፡ የ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 1112) ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፡፡ ካፌው ተዘጋ፣ ቢሮው ተዘጋ፣ ታክሲው ተዘጋ፡፡ ደግ ነው፡፡ ወዳጄ ግን ሲጋሩን ይዞ ቤቱ ገባ፤ ቤቱ ደግሞ ቅድም እንዳልኳችሁ ኮርኒሱ ከጎረቤት ጋር ይገናኛል፡፡ ከግድግዳው ማዶ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ይተኛል፡፡ ከሲጋር የሚወጣው ጭስ ኮርኒሱን አልፎ ሲሄድ ፈቃድ አይጠይቅም፡፡

እስቲ አስቡት፡፡ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር በቀን ሁለቴ ይለካል፡፡ 72 በመቶ ሲሆን ወዳጄ ይደነግጣል፤ 62 ሲሆን ይደነግጣል፡፡ ለደረቀ ቅጠል ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው፣ ሕፃኑ የሚተነፍሰውን አየር አንድ ቀን እንኳ አስቦት አያውቅም፡፡ መስኮቱንም አይከፍትም፤ እርጥበት ይገባላ!

ከእኚያ እናት ጋር አወዳድሩት፡፡ እሳቸው ቢያንስ ሜዳ ላይ፣ ነፋስ በሚመታው ቦታ ነበር የሚያጨሱት፡፡ ታዲያ ኋላ ቀሩ ማን ነው?

ማጨስ ያንተ ምርጫ ነው ወዳጄ፤ ብትተው ደስ ይለኛል፡፡ ካልተውክ ግን ቅጠሉን በስሙ ጥራው፤ ትምባሆ ነው፡፡ ስትለኩሰው ከግቢ ውጣ፡፡ ያነሳኸውን ፎቶ አጥፋ፡፡ ሲጋሩን የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ክተትና አልጋ ሥር ሸጉጠው፡፡

መጻሕፍቱን ደግሞ ቶሎ አውጣቸው፡፡ ዝናቡ እየመጣ ነው፤ ይሻግታሉ፡፡