አጭሩ መንገድ ለማን ይከፈት?

ባለፈው ሰሞን አንድ የፋኩልቲያችን ልጅ ወደ መዝገብ ቤት ጐራ ብሎ «ዲግሪዬን ከያዝሁ በኋላ ሕክምና ለመማር ምን ያስፈልገኛል?» ሲል ጠየቀ። ጸሐፊው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ልጁ እንደማይቀልድ በተረዳ ጊዜ ግን «ወንድሜ፣ አንተ እኮ የሶሻል ተማሪ ነህ» አለና መስኮቱን ዘጋ። እኛም ወሬውን ስንሰማ ሳቅን። ሳቃችን ካበቃ በኋላ ግን ነገሩ የሚያስቅ ሆኖ አላገኘነውም።

ይህ ልጅ ወደ ሶሻል የገባው ወዶ አልነበረም። በተማረበት የወረዳ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህሩ በመንፈቅ ዓመት ሄዶ አልተተካም፤ ላቦራቶሪውም ቁልፍ እንጂ ዕቃ አልነበረውም። 11ኛ ክፍል ሲደርስ የመረጠው እርሱ ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ድኽነት ነበር። በ17 ዓመቱ የተዘጋበት በር በ22 ዓመቱም እንደ ተዘጋ ቆየው። እንግዲህ የእኛ ጥያቄ ይህ ነው፤ የአንድ ሰው ሐኪም መሆን አለመሆን ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ለዘላለም መቈረጥ አለበትን?

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት መንገድ ተሞክሯል። አንደኛው የትምህርቱን ዘመን ያሳጥራል። ሁለተኛው ተማሪው ገና በመጀመሪያ ዲግሪ ሳለ በሕክምና ትምህርት ቤት ቦታ ይይዝለታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አገራችን ለመጀመሪያው መንገድ እንግዳ አይደለችም። በ1953 የወባ ወረርሽኝ በደምቢያ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ሙሉ ሐኪም እስኪበዛ ድረስ ባላገሩ ቁጭ ብሎ መሞት የለበትምና፣ ጤና መኰንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች በአንድነት ሠልጥነው ወደ ጤና ጣቢያዎች ተላኩ። በ2005 ጤና መኰንኖችን በተፋጠነ ፕሮግራም ማሠልጠን ተጀመረ። በ2012 ደግሞ በተፈጥሮ ሳይንስ ወይም በጤና ሙያ ዲግሪ የያዙትን ተቀብሎ ከመደበኛው ባጠረ ጊዜ ሐኪም የሚያደርግ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት በ13 ተቋሞች ተጀመረ። ስለዚህ «አይቻልም» የሚለው ቃል ከዚህች አገር ታሪክ ጋር አይስማማም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉን አሉ። ተረቱ እውነት ነው፤ እኛም አንክደውም። ነገር ግን ያጠረው ምንድን ነው ብለን እንጠይቅ። የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ከ1969 ጀምሮ ሕክምናን በ3 ዓመት ያስተምራል። ያሳጠረውም ረጅሙን የክረምት ዕረፍት በመቀነስ እንጂ ተማሪውን ከሕመምተኛው አልጋ በማራቅ አይደለም። ከዕረፍት የሚቀነስ ማሳጠር ሌላ፣ ከአልጋው ዳር የሚቀነስ ማሳጠር ሌላ ነው። መምህር ሳይጨመር፣ የማስተማሪያ ሆስፒታል ሳይዘጋጅ የተማሪውን ቍጥር ብቻ ማብዛት መንገድ ማሳጠር አይባልም። ያ ለድኻ ሕዝብ ርካሽ ሐኪም መላክ ነው፤ ይህንንም እንቃወማለን።

ወደ እኛ ፋኩልቲ እንመለስ። ቋንቋ፣ ታሪክና ፍልስፍና ያጠና ሰው ሐኪም ሊሆን አይችልም የሚለው እምነት በተግባር ተፈትኗል። በኒው ዮርክ የሚገኘው የማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት ከ1987 ጀምሮ የሥነ ጥበብና የሰብአዊ ጥናት ተማሪዎችን ገና በሁለተኛ ዓመታቸው ሳሉ እየመረጠ ቦታ ያዘላቸው። የተለመደውን የመግቢያ ፈተና አልጠየቃቸውም፤ የሚጐድላቸውን ኬሚስትሪና ፊዚክስ በአንድ ክረምት አስተማራቸው። በ2010 ውጤታቸው ተመርምሮ ሲታተም ከሌሎቹ ተማሪዎች ጋር ጐን ለጐን የሚሄዱ ሆነው ተገኙ። በፈቃድ ፈተናው የመጀመሪያ ክፍል በጥቂት ነጥብ አንሰዋል፤ ይህንን አንደብቅም። ነገር ግን ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሕክምናና ወደ አእምሮ ሕክምና ያዘነበሉት ከሌሎቹ ይበልጡ ነበር። አገራችን ከዚህ የበለጠ የሚያስፈልጋት ሐኪም የትኛው ነው?

የእኛ በሽተኛ ሕመሙን የሚናገረው በመጽሐፍ ቃል አይደለም። «ልቤን ፍርፍር አለኝ» ይላል፤ «ምች መታኝ» ይላል፤ «ቡዳ በልቶኝ ነው» ይላል። ይህን ሰምቶ ሳይስቅና ሳይቈጣ፣ ከቃሉ በስተኋላ ያለውን ሕመም ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። እርሱም በእኛ ክፍሎች ውስጥ ይገኛል።

ሁለተኛው ጥያቄ የተያዘው ቦታ ለማን ይሁን የሚለው ነው። በአሜሪካ ፊላዴልፊያ የጄፈርሰን የሕክምና ኮሌጅ በ1974 የጀመረው ፕሮግራም ከገጠር ለመጡና በገጠር ለመሥራት ለሚሹ ተማሪዎች ቦታ ያዘ። በ1999 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ በክፍለ ሀገሩ ከሚገኙት 7 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከተመረቁት ውስጥ የፕሮግራሙ ልጆች 1 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነዚያው ትምህርት ቤቶች ወጥተው በፔንሲልቬንያ ገጠር ከሚሠሩት የቤተሰብ ሐኪሞች ግን 21 በመቶ ነበሩ። ጃፓን በ1972 በመሠረተችው በጂቺ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ልጆች ይልካል፤ ተመራቂው በመጣበት ግዛት 9 ዓመት ካገለገለ የትምህርቱ ዕዳ ይሰረዝለታል። የኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅም በ1973 የመጀመሪያ ዲግሪንና ሕክምናን ያያዘ ፕሮግራም ሲከፍት፣ ለመጨረሻዎቹ 2 ዓመታት ሌሎች የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለልጆቹ ቦታ ይዘው ይጠብቋቸው ነበር።

በአገራችን ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች ልጆች የመግቢያ ነጥብን ዝቅ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። መልካም ነው፤ ግን ግማሽ መንገድ ነው። ልጁን ከመንደሩ ያመጣዋል፤ ወደ መንደሩ የሚመልሰውን ድልድይ ግን አይሠራለትም። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በ1964 በተቋቋመው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ዓመት ባላገር ሄደው ሲያገለግሉ ብዙዎቹ አገራቸውን ያወቁት ያን ጊዜ ነበር። ያ አሳብ ሊታደስ ይገባዋል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ በየሕክምና ትምህርት ቤቱ ጥቂት ቦታ ከማንኛውም ፋኩልቲ ለሚመጡ የዲግሪ ተማሪዎች ይያዝ፤ የሚጐድላቸውንም ሳይንስ በክረምት ይማሩ፣ ይፈተኑም። ሁለተኛ፣ ከተያዘው ቦታ የሚበዛው ላቦራቶሪ ከሌላቸው የወረዳ ትምህርት ቤቶች ለመጡ ይሁን። ሦስተኛ፣ ቦታው በግልጽ ይታወጅ፣ መመዘኛውም በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። የተያዘ ቦታ በስውር ከተያዘ የዘመድ ቦታ ይሆናልና። አራተኛ፣ ቦታውን ያገኘ ሁሉ ባደገበት ወረዳ ለተወሰነ ዘመን የማገልገል ግዴታ ይግባ።

«ይህማ ባርነት ነው» የሚል ይኖራል። ደመወዝ፣ መኖሪያና መድኃኒት ሳይሰጡ ግዴታ ብቻ ቢጭኑበት እውነትም ባርነት ይሆናል። የጤና ባለሙያዎች በ2019ና በ2025 ስለ ደመወዝና ስለ ኑሮ ያሰሙትን ጩኸት ሁላችንም ሰምተናል። ግዴታው በሁለቱም ወገን ይሁን፤ ሐኪሙ ለወረዳው፣ መንግሥትም ለሐኪሙ።

ከእኛም መካከል ነጭ ካፖርቱን ለክብሩ ብቻ የሚመኝ እንዳለ እናውቃለን። ለእርሱ የምንከራከርለት ነገር የለንም። የወረዳውን ግዴታ ሲሰማ ራሱ ከሰልፉ ይወጣል።

የእኛ ጓደኛ ግን ግዴታውን ብንነግረው «እኔ እኮ የጠየቅሁት እዚያው ልሂድ ብዬ ነው» አለን። እናቱ ዛሬም ሐኪም ለማየት የአንድ ቀን መንገድ ትሄዳለች። ያን መስኮት የሚከፍተው ማን ነው?