ከጫሞ ጀልባ ላይ ምን ይቀነሳል?

አርባ ምንጭ ውስጥ ቱሪዝም ሲነሣ ጨዋታው ቶሎ ወደ ሆቴል ያዘነብላል። ስንት አልጋ ተጨመረ፣ የትኛው ሎጅ ተስፋፋ፣ ከማን በረንዳ ላይ ሆኖ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች በአንድ ጊዜ ማየት ይቻላል፣ ይህ ሁሉ ይወራል። ከተማችን ያገኘችው ነውና መወራቱ ደግ ነው። እንግዳው ግን ከአዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ በመኪና ተጉዞ የሚመጣው ለአልጋ ብሎ አይደለም። አልጋ በመንገዱ ሁሉ ነበረለት። የሚመጣው ጫሞን ለማየት፣ አዞውንና ጉማሬውን በዓይኑ ለማረጋገጥ ነው። በሐይቁ ላይ ስለሚያሳልፋት ያች አጭር ጊዜ፣ ስለሚሳፈርባት ጀልባና ስለሚያሳፍረው ሰው የሚነጋገር ግን ጥቂት ነው።

እነዚህ ጥቂቶችም ለሁለት ተከፍለዋል። ነባሮቹ «ድሮ ቀረ» ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ «ድሮማ ማን ይሳፈር ነበር?» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ድሮ እንግዳው ጥቂት ነበር። ባለሆቴሉ በቀለ ሞላ በስምጥ ሸለቆ መንገድ ላይ ከከተማ ከተማ ሆቴል ሲዘረጉ አርባ ምንጭንም አልዘለሏትም፤ በአፋፉ ላይ የተሠራው ሆቴላቸው ለብዙ ዘመን የከተማዋ የእንግዳ ደጅ ሆኖ ኖሯል። ወደ ጫሞ የሚወርደው በአብዛኛው ወደ ኮንሶና ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚያልፍ የውጭ አገር ሰው ነበር። በላንድክሩዘር ይመጣል፣ ጀልባ ሙሉ ይከራያል፣ በማለዳ ይሳፈራል። ነጂው ሞተሩን ከሩቅ ያበርዳል። የቁልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ፣ «የአዞ ገበያ» በምንለው ዳርቻ፣ አዞዎቹ በጠዋት ፀሐይ ተዘርግተው ይታያሉ። አዞ የሰውነቱን ሙቀት ከፀሐይ የሚያገኝ እንስሳ መሆኑን፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛውም ለማስፈራራት ሳይሆን ሙቀቱን ለማመጣጠን እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው አብሮ ነበር። እንግዳው ሲመለስ አይቶ ብቻ ሳይሆን ተምሮም ነው።

በዚያው ዘመን ግን ከከተማችን ሰፈሮች፣ ከሲቀላና ከሼቻ ልጆች ስንቱ በዚያ ጀልባ ተሳፍሯል? ሐይቁን ከአፋፉ እያየን ያደግን ብዙዎች ነን። ጫሞን በፖስት ካርድ ከሚያውቀው ፈረንጅ ይልቅ ከሐይቁ የራቅነው እኛ ነበርን። እኔ የድሮውን አገልግሎት ሳመሰግን ይህን መርሳት አልችልም።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ከኮሮና ዘመን ወዲህና በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የውጭው እንግዳ ሲሳሳ፣ ቦታውን የያዘው ያገር ልጅ ነው። ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው፣ ስብሰባ የመጡ ሠራተኞች፣ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች፣ ከሶዶና ከሐዋሳ የመጡ ቤተሰቦች በበዓል ሰሞን ዳርቻውን ይሞሉታል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ለውጥ ነው። ሐይቁ ባለቤቱን አገኘ ማለት ነው። ችግሩ እንግዳው ሲለወጥ አገልግሎቱ አብሮት አለመለወጡ ነው። ዋጋው አሁንም በጀልባ እንጂ በሰው አይቆረጥም። በዚህ አሠራር ብቻውን የመጣ መምህር ወይም ሁለት ሆነው የመጡ ተማሪዎች ወይ የጀልባ ሙሉ ይከፍላሉ፣ ወይ ሌላ ሰው እስኪገኝ ፀሐይ ላይ ይቆማሉ። ብዙ ሆነው የመጡት ደግሞ ዋጋውን ለመካፈል ሲሉ ከሚገባው በላይ ተጣበው ይሳፈራሉ። ማብራሪያው ለውጭ ሰው የተዘጋጀ ስለነበር፣ ያገሬ ሰው ሲሳፈር «እሱማ ያውቀዋል» ተብሎ ይተዋል። የማለዳው ጉዞ ወደ ቀትርና ወደ ከሰዓት ተገፍቷል። ነፋሱ ተነሥቶ ሐይቁ ሲናወጥ፣ አዞውም ከፀሐይ ሸሽቶ ወደ ውኃ ሲገባ ማለት ነው። ጸጥታውን ደግሞ ድምፅ ማጉያ ወስዶታል።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። በዓለም ባሕሮች የሚዞሩት ትላልቅ የመዝናኛ መርከቦችም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ የጀመረችው «ሶንግ ኦፍ ኖርዌይ» 700 ገደማ መንገደኞች ትይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የተነሣችው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» በየክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው ብቻ ቢያርፍ እንኳ 5,610 ትይዛለች። መርከቡ ሲገዝፍ የነፍስ ወከፉ ዋጋ ወረደ፤ ቀድሞ የባለጸጋ የነበረው ጉዞ ለነርሷም ለአስተማሪውም ደረሰ። በምላሹ ቀድሞ በቲኬቱ ውስጥ የነበረው ነገር አንድ በአንድ እየወጣ ለብቻው የሚከፈልበት ሆነ። የተሻለው ምግብ ቤት በተጨማሪ ክፍያ፣ ኢንተርኔቱ በክፍያ፣ የአስተናጋጁ ጉርሻም በየቀኑ ከሒሳቡ ላይ የሚደመር። በየምሽቱ በተወሰነ ሰዓት፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ አስተናጋጅ መመገብ በብዙዎቹ ዘንድ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። ነባሩ መንገደኛ ያማርራል፤ አዲሱ ደግሞ ያለዚህ ቅነሳ ከነጭራሹ አይሳፈርም ነበር።

እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ትምህርት አለ። አንድ አገልግሎት ከጥቂቶች ወደ ብዙኃን ሲወርድ የሆነ ነገር መቀነሱ አይቀርም። ጥያቄው ምን ይቀነስ የሚለው ነው። ሊቀነስ የማይገባው ከተቀነሰ፣ የቀረው ጌጥ ነው።

ይህን ዓለም በከባድ ዋጋ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም የመዋኛ ገንዳ ነበራት፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ነበራት፣ በምግቧና በአልጋዋ የሚስተካከላት ጥቂት ነበር። ተሳፋሪና ሠራተኛዋ ከ2,200 በላይ ሆኖ ሳለ የነፍስ አድን ጀልባዎቿ የሚይዙት ግን 1,178 ሰው ነበር። 1,500 ገደማ ሰው አለቀ። በባሕር ላይ ስለሚጓዝ ሰው ነፍስ ደኅንነት የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ስምምነት የተፈረመው ከዚያ ወዲህ፣ እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። ጌጡ ሁሉ ተሟልቶ ዋናው ነገር ግን ጎድሎ ነበር።

ወደ ጫሞ ልመለስ። በአንድ የበዓል ሰሞን አንዲት አያት ሕፃን አቅፈው ሊሳፈሩ ሲሉ በዳርቻው ቆሜ ነበር። ለአዋቂዎቹ ላይፍ ጃኬት ታደለ። አያትየው «ልጄ፣ ለዚህች የሚሆን የለህም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ወጣቱ ነጂ በትሕትና ጎንበስ ብሎ «እማማ አይዞዎት፣ ሐይቁ ዛሬ ሰላም ነው፤ እቅፍ አድርገው ይያዟት» አላቸው። እጃቸውን ይዞ፣ ነጠላቸውን ከውኃው ከፍ አድርጎ በክብር አስቀመጣቸው። በደኅና ሄዱ፣ በደኅና ተመለሱ። እኔ ግን እስኪመለሱ ከዚያ ቦታ መነቃነቅ አልቻልኩም። በዚያ ልጅ ላይ የጎደለ ደግነት አልነበረም። ሰው አክባሪነቱን ከቤቱ ይዞ መጥቷል። የጎደለው ለሕፃን የሚሆን አንድ ላይፍ ጃኬትና «ይህ ከሌለ አትነሣም» የሚል ደንብ ነው። አዞና ጉማሬ በሚኖርበት ሐይቅ ላይ ደግነት የላይፍ ጃኬትን ቦታ አይተካም።

እንግዲህ የማይቀነሱትን ልናገር። የመጀመሪያው ይኸው ነፍስ ነው። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ፣ ለሕፃኑም ለወፍራሙም፣ ልክ የሚሆነው ላይፍ ጃኬት ይኑር፤ ሞተር ከመነሣቱ በፊትም ይታሰር። ጀልባዋ የምትይዘው ሰው ቁጥር በጎኗ ላይ በትልቁ በአማርኛ ይጻፍ፤ ተሳፋሪው ራሱ ቆጥሮ እንዲከራከር። የሄደ ጀልባ ስንት ሰው ይዞ በስንት ሰዓት እንደተነሣ በዳርቻው መዝገብ ይያዝ፣ የዘገየውን የሚፈልግ ጀልባም ነዳጅ ሞልቶ ይጠብቅ። የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ኃላፊነቱ ባሕር ላይ ባሉት መርከቦች አያበቃም፤ የአገር ውስጥ ውኃ ትራንስፖርትም ይመለከተዋል። «ጣናነሽ 2» የተባለችው ጀልባ ከጂቡቲ ተነሥታ በየብስ ወደ ባሕር ዳር ስትጓዝ አገር ሁሉ በጉጉት ተከታትሏታል፤ ተገቢም ነበር። ለአሥር ሰው ጀልባም የዚያ ትኩረት ጥቂቱ ሊደርሳት ይገባል።

ሁለተኛው ዕውቀት ነው። ጫሞን ያለ ማብራሪያ ማየት መጽሐፍን ሽፋኑን አይቶ መመለስ ነው። ነጂዎቻችን ብዙ ያውቃሉ፤ ውኃው ላይ አድገዋል። ያንን የሚያሳድግላቸው ተቋም ደግሞ እዚሁ ከተማ አለ። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር። ከውኃ የተወለደ ተቋም በሐይቁ ላይ የሚሠሩትን ወጣቶች በየዓመቱ በክረምት ሰብስቦ ስለ ዓሣው፣ ስለ ወፉ፣ ስለ አዞውና ስለ መጀመሪያ ርዳታ ቢያሠለጥን ከአቅሙ በላይ አይሆንም። አባያ ለምን ቀላ፣ ጫሞ ለምን ከርሱ ጠራ የሚል ጥያቄ እያንዳንዱ እንግዳ ይጠይቃል። መልሱ ከደጋው ታጥቦ የሚወርደውን አፈር፣ የጨንቻንና የዶርዜን ተራራ፣ የገበሬውን እርከን ይነካል። ይህን የሚመልስ ነጂ እንግዳውን ስለ መላው ጋሞ አስተማረ ማለት ነው።

ሦስተኛው የሐይቁ ክብር ነው። አሁን አሁን ለስልክ ቪዲዮ ሲባል ጀልባው አዞው ላይ ይነዳል፤ እንስሳው ደንግጦ ውኃ ውስጥ ሲወረወር ይጨበጨባል። እናት አዞ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ለሦስት ወር ያህል ትጠብቃለች። ከጎጆዋ በተባረረች ቁጥር አርጃኖው ይቆፍርባታል። ዛሬ ለአንድ ቪዲዮ የምናባርረው የነገ እንጀራችንን ነው። ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲከለል የሐይቆቹን ክፍል ጭምር ይዞ ነው፤ ስለዚህ ርቀት የመጠበቁ ጉዳይ የነጂው ፈቃድ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም።

የጀልባ ባለቤቶች የሚሉትን አውቃለሁ። ቤንዚን ይጠፋል፣ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። የሞተር መለዋወጫ ከውጭ ነው የሚመጣው። እንግዳ ሲጠፋ ቀኑን ሙሉ ዳርቻው ላይ ተቀምጦ መዋል አለ። ይህ ሁሉ ልክ ነው፤ ቸኩሎ አሳፍሮ ቸኩሎ መመለሱም ከዚህ የመጣ ነው። ለዚህም ነው ዋጋው በሰው ይሁን የምለው። ጉዞው በታወቀ ሰዓት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት፣ ፀሐይ ሲበርድ ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ ቢሆን፣ ሐይቁ ከተረጋጋ ባዶ ወንበር ሳይተርፍ ጀልባው ይነሣል። መምህሩም ሳይጎዳ ይሳፈራል፣ ነጂውም የቀን ገቢውን አስቀድሞ ያውቃል። ለጀልባው፣ ለአስጎብኚውና ለፓርኩ በየፊናው የሚከፈለው በአንድ ቲኬት ይሁን፤ ከርሱ ላይ ጥቂት ሳንቲም ለመሳፈሪያው ይቆረጥ። ሐይቁ ሲሞላና ሲጎድል ዳርቻው ስለሚሸሽ፣ የሚያዋጣን አብሮ የሚነሣና የሚወርድ ተንሳፋፊ መሳፈሪያ ነው። ጥላና ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ቢጨመርበት ከአንድ ሎጅ አጥር ያነሰ ወጪ ነው።

የሚቀነሰው ታዲያ ምንድን ነው? ድምፅ ማጉያው ይቀነስ። ቀለሙ ይቅር፤ ያረጀ ጀልባ ደኅና ከሆነ ነውር የለውም። ለስላሳ መጠጡን የፈለገ ከዳርቻ ይግዛ። ለብዙ ሰው የሚደርስ ርካሽ አገልግሎት ውስጥ እነዚህ ባይኖሩ እንግዳ አልተበደለም።

ይህን ስጠይቅ ከሌላ አገር ልማድ እንዋስ ማለቴ አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ ባለችው ቡራዩ ስለተገደሉት ወገኖቻችን የተቆጣው ወጣት ለበቀል ሲወጣ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በአርባ ምንጭ መንገድ ላይ ተንበርክከው ለመኑት፤ በመካከላችን የሚኖር የሌላው ወገን ሰው ሕይወትና ንብረት እንዳይነካ። ወጣቱም ሰምቶ ተመለሰ። እነዚያ አባቶች ያንን ያደረጉት ሰው በኛ እጅ ሳለ ነፍሱ የኛ አደራ ናት ብለው ስለሚያምኑ ነው። የአገልግሎት ጥራት የሚባለው ከዚህ የሚበልጥ መሠረት የለውም። ለጀልባችን የሚያስፈልገው ይህንኑ አደራ ወደ ደንብ፣ ወደ መዝገብና ወደ ሕፃን ላይፍ ጃኬት መለወጥ ነው።

ከተማው፣ የጀልባ ማኅበራቱና ፓርኩ እስኪስማሙ እኛ ተሳፋሪዎች የምንጠብቀው የለም። በሚመጣው በዓል ወደ ጫሞ ስትወርዱ በልካችሁ የሆነ ላይፍ ጃኬት ካልተሰጣችሁ አትሳፈሩ፤ ጀልባው ከሞላ ቀጣዩን ጠብቁ፤ ነጂው ወደ አዞው ሲጠጋ «ወንድሜ፣ ከዚህ ይበቃናል» በሉት፤ በደንብ ያስረዳችሁን ደግሞ በስሙ አመስግኑት፣ ጉርሻውንም አትንፈጉት። ነጂው የሚያስበልጠው የምንከፍልበትን ነው፤ እስካሁን የከፈልነው ለጩኸቱ ነበር።