ርካሽ መኪና በእውነት ርካሽ ነውን?

መኪና ለመግዛት ያሰበ ቤተ ሰብ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ እንዳንሆን፣ የመኪና ዋጋ ሦስት ጊዜ እንደሚከፈል ማወቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ለሻጩ ይከፈላል፤ ቀጥሎ በየወሩ ለነዳጅና ለጋራዥ ይከፈላል፤ በመጨረሻም፣ እግዚአብሔር አያምጣውና፣ አደጋ በደረሰ ጊዜ በሰው አካልና ሕይወት ይከፈላል። ደላላ የሚነግረን የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በህንድ አገር የተሠራው ታታ ናኖ ነው። የፋብሪካው ባለቤቶች አለቃ የነበሩት ራታን ታታ፣ አንድ ቤተ ሰብ ከነልጆቹ በአንድ ሞተር ቢስክሌት ተጨናንቆ ሲሄድ አይተው፣ ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሆን መኪና ለማሠራት ተነሡ። መኪናው እ.ኤ.አ. በ2009 ለገበያ ሲቀርብ የመነሻ ዋጋው 100,000 ሩፒ ያህል ነበር። አሳቡ የሚመሰገን ነው። ዋጋውን ለማውረድ ሲባል ግን ብዙ ነገር ተቀነሰ። ሞተሩ ባለ 2 ሲሊንደር ሆነ፤ የዝናብ መጥረጊያው አንድ፣ ስፖኪዮው አንድ፣ የእያንዳንዱ ጎማ ብሎን ሦስት ብቻ ሆነ። ይህስ ቁጠባ ነው ይባል። ነገር ግን በግጭት ጊዜ ደረትንና ራስን የሚያድነው ኤርባግም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2014 ግሎባል ኤንካፕ የተባለው ድርጅት በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር አጋጭቶ ሲፈትነው፣ ለዐዋቂ ተሳፋሪ ጥበቃ ከ5 ኮከብ አንዱን እንኳ አላገኘም። በዚያው ፈተና ሌሎች ታናናሽ መኪናዎችም ወድቀዋል።

«ከሞተር ቢስክሌት አይሻልምን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እርግጥ ይሻላል። ዳሩ ግን ሕዝቡ «ከሁሉ የረከሰው» የሚለውን ስም አልወደደውም፤ ራታን ታታም ራሳቸው በዚህ ስም ማስተዋወቁ ስሕተት እንደ ነበረ ኋላ ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 መኪናውን ማምረት ቆመ።

ርካሽ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በአዲስ አበባ መንገዶች የምናውቀው ቮልስ የተሠራው ለተራው ሕዝብ ነበር፤ ስሙም በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር አያስፈልገውም፤ አሠራሩም ቀላል ስለ ሆነ መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። በዛሬው የደኅንነት መለኪያ ግን ቮልስም ቢሆን አያልፍም።

እንግዲህ በሂሳብ እንየው። ለምሳሌ ያህል አንዱ መኪና 1,000,000 ብር፣ ሁለተኛው 1,400,000 ብር ነው እንበል። የመጀመሪያው በዓመት ለነዳጅና ለጥገና 180,000 ብር ይፈጃል፤ ከ5 ዓመት በኋላ በ400,000 ብር ይሸጣል። ሁለተኛው በዓመት 120,000 ብር ይፈጃል፤ ከ5 ዓመት በኋላ በ1,000,000 ብር ይሸጣል። ብንደምረው የመጀመሪያው ባለቤቱን 1,500,000 ብር፣ ሁለተኛው 1,000,000 ብር አስወጣ። በ400,000 ብር ይረክሳል የተባለው በ500,000 ብር ተወደደ ማለት ነው። ስለዚህ ልዩነቱ በእጁ የሌለ ሰው ዕቁብ ገብቶ ጥቂት ቢታገሥ ይሻለዋል።

ይህ ነገር ዛሬ በአገራችን ይበልጥ ያሳስባል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ስለ ከለከለ፣ የብዙ ቤተ ሰብ ምርጫ በአገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ወይም የኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። ለአሮጌው መለዋወጫና መካኒክ በየሰፈሩ ይገኛል፤ ቤንዚኑና ጥገናው ግን ኪስ ያራቁታል። የኤሌክትሪኩ ቤንዚንና የሞተር ዘይት አይፈልግም፤ ነገር ግን ከዕቃዎቹ ሁሉ ውድ የሆነው ባትሪው ነው። ስለዚህ ገዢ የባትሪው ዋስትና ለስንት ዓመት እንደ ሆነና ሲበላሽ በከተማው የሚጠግነው ሰው መኖሩን ሳያረጋግጥ ቀብድ መክፈል የለበትም።

በበኩሌ የቤተ ሰብ መኪና ዋጋው ተመጣጣኝ ነው የምለው ሦስት ነገር ሲያሟላ ነው፤ የ5 ዓመት ወጪው ከቤቱ ገቢ ጋር ሲስማማ፣ በቅርብ ሲጠገን፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚሠራ ቀበቶ፣ ከፊት ኤርባግ፣ የታመነ ፍሬን ሲኖረው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መደራደር ይቻላል። በሦስተኛው ግን አይቻልም፤ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በዋጋው ክርክር ላይ ድምፅ የላቸውምና። እኛ ተማሪዎች በክፍል የተማርነውን ሂሳብ ይዘን፣ ወላጆቻችን ቀብድ ከመክፈላቸው በፊት አብረናቸው ብናሰላ፣ ለቤታችን የሚጠቅም ሥራ ሠራን ማለት ነው።