«የሐበሻ ቀጠሮ» እና ባቡሩ

ባቡር በዘገየ ቁጥር ጥፋተኛው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ «የሐበሻ ቀጠሮ»። ፌርማታ ላይ ቆመን ይህንኑ እየተባባልን እንስቃለን። እኔን ግን ቀልዱ ከሰለቸኝ ቆይቷል፤ ምክንያቱም ጥገናውን ችላ ያለውን ኃላፊ በነፃ ያሰናብታል። ጥፋቱ የባሕርይ ከሆነ ማን ይጠየቃል?

ሰዓት ማክበር ከደም ጋር የሚወረስ ነው ለሚሉን እስቲ ጀርመንን እንይ። ስለ ሰዓት አክባሪነት ሲነሣ ስሟ ሳይጠራ የማይታለፍ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 ከረጅም ርቀት ባቡሮቿ በሰዓቱ የደረሱት 62.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያውም ስድስት ደቂቃ ያልሞላ መዘግየት «በሰዓቱ» ተብሎ እየተቆጠረ፣ ጭራሽ የተሰረዘው ባቡር ደግሞ ከሒሳቡ ወጥቶ! (የቀረ ባቡር አይዘገይም ማለት ነው፤ ይህ ሒሳብ እኛ ዘንድ ቢመጣም ወዳጅ አያጣም።) ታዲያ የጀርመኖች ባሕርይ ተለወጠ እንበል? የሆነው ሌላ ነው። ሐዲዱና የምልክት መሣሪያው አርጅቶ ሳለ እድሳቱ ለዓመታት ተገፋ፤ በዚያው በተጨናነቀው መስመር ላይ ተጨማሪ ባቡር ተሰማራ።

ባዝል ላይ ድንበሩን ተሻግረን ስዊዘርላንድ እንግባ። እዚያም የሚነገረው ጀርመንኛ ነው። ባቡሩ ግን ይደርሳል፤ ለዚያውም መለኪያው ሦስት ደቂቃ ሆኖ። እ.ኤ.አ. በ1987 በሕዝብ ድምፅ ያጸደቁት «ባቡር 2000» የተባለው ዕቅድ የተነሣው ከሰዓት ሰሌዳው ነበር፤ ባቡሮች ሰዓቱ ሊሞላ ሲል በትልልቅ ጣቢያዎች ይገናኙ፣ ሰዓቱ እንደሞላ ይነሡ የሚል። ሐዲዱን የሠሩት ያ ሰሌዳ በሚጠይቀው ልክ ነው። ከዙሪክ በርን ከአንድ ሰዓት በታች መግባት ያስፈልግ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 56 ደቂቃ አደረሱትና በቃን አሉ። ከጀርመን ዘግይቶ የመጣውንም ባቡር ባዝል ላይ እያስቆሙ መንገደኛውን በራሳቸው ባቡር ይወስዱታል፤ የአንዱ መዘግየት ወደ ሌላው እንዳይጋባ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር እ.ኤ.አ. በ2015 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድና 41 ባቡሮች ይዞ ሲጀምር፣ ያኔም ሐበሾች ነበርን። ከዓመታት በኋላ ጥበቃው የረዘመው ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት ስለቆሙ ነው። የጅቡቲውም መስመር ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ሐዲድ ነው፤ አንዱ ባቡር ግመል ገጭቶ ከቆመ፣ ከወዲያ የሚመጣው ጣቢያ ላይ ተገትሮ ይጠብቃል። ይህን ከባሕርያችን ምን አገናኘው?

እርግጥ ነው፣ አርፋጆች ነን፤ እኔም ብሆን። መለዋወጫም በውጭ ምንዛሪ እንጂ በምኞት አይገዛም። ቢሆንም ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር አለ፤ በየጣቢያው ጥቁር ሰሌዳ ይሰቀል። ለዚህ ከጠመኔ በቀር ወጪ የለውም። ባቡሩ መምጣት የነበረበት ሰዓት፣ የመጣበት ሰዓት፣ ያዘገየው ምክንያት ይጻፍበት። የተሰረዘውም ባቡር እንደዘገየ ይቆጠር።