ያላነበብኩት ዜና

«ቆሽቴ አረረ» ስንል መናደዳችን ነው። አምና ግን የአጎቴ ቆሽት የምር ተቆጥቶ ሆስፒታል ገቡ፤ ሰበቡ የሐሞት ጠጠር ነበር። ከሳምንታት በኋላ የሞተው የቆሽታቸው ሥጋ አመረቀዘ ተባለ። እኔም የቤቱ «ጋዜጠኛ» አይደለሁ? አንድ የዜና ርዕስ ይዤ ደረስኩ፦ በአፍ የሚገባው ኢንዶስኮፒ ከኦፕራሲዮን በለጠ ይላል። እማዬ «ወንድሜን ዝም ብለው እያዩት ነው እኮ!» ብላ ሐኪሞቹ ላይ ጮኸች። ወደ ውጭ ለመላክም መዋጮ ተጀመረ።

ጥናቱን ራሱን ያነበብኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ98 የኔዘርላንድስ ሕሙማን ላይ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. «ላንሴት» ላይ ወጥቷል። የሞቱት ወይም ከባድ ችግር የደረሰባቸው በኢንዶስኮፒው 43፣ በኦፕራሲዮኑ 45 በመቶ ናቸው። እኩል ናቸው እኮ! ኢንዶስኮፒው የበለጠው በሌላ ነው፦ የቆሽት ፈሳሽ መንገድ ስቶ ወደ ውጭ መፍሰሱ በእሱ 5፣ በሌላው 32 በመቶ ነበር፤ ሆስፒታል የመተኛውንም ጊዜ ያሳጥራል። ይህ ለታማሚ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ከሞት ማዳን ግን ሌላ ነገር ነው።

«ኦፕራሲዮን» የተባለውም እኛ የፈራነው ሆድ መቅደድ አልነበረም። መጀመሪያ በቆዳ በኩል ቱቦ ገብቶ መግሉ ይፈሳል፤ ካልበቃ ብቻ የሞተው ሥጋ በትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። ሆድ መቅደድማ በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣው የ88 ሰዎች ጥናት ተረትቷል፤ 69 በመቶ ለ40። ቱቦው ብቻ የበቃቸውም 35 በመቶ ነበሩ።

በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በ66 ሰዎች ላይ ኢንዶስኮፒውን በግልጽ አስበልጧል። ስለዚህ ርዕሱ ውሸት ነው አልልም። የምለው፣ «በለጠ» ብሎ የሚጽፍ ሰው «ከምኑ? በምን?» ካላለ ዜናው ጎዶሎ ነው። አልጋ አጠገብ ያለ ዘመድ የሚያነበው ርዕሱን ብቻ ነዋ።

በጣም ያሳፈረኝ የ2021ዱ ጥናት ነው። ቱቦው ዛሬውኑ ይግባ ወይስ የሞተው ሥጋ ዙሪያውን ግድግዳ እስኪያበጅ ይቆይ የሚል ነበር። መቸኮሉ ያመጣው ጥቅም አልታየም፤ ከቆዩት ውስጥ 39 በመቶው በአንቲባዮቲክ ብቻ ዳኑ። እማዬ የጮኸችበት «ዝም ብሎ ማየት» ለካ ሕክምና ኖሯል!

አጎቴ በአንቲባዮቲክና በአንድ ቱቦ ወጡ። መዋጮው ለመድኃኒት ዋለ። እማዬን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ሐኪሞቹን ለመጠየቅ ግን እስካሁን ድፍረቱን አላገኘሁም።