ሱቅዎን ያከራዩ እንጂ አያውሱ

በዚህ ዓምድ ዘወትር የምናነሳው የታክስ፣ የኪራይ ውልና የኢሚግሬሽን ጉዳይ መሆኑን ያውቃሉ። ዛሬ ግን ስለ ድራማ ላጫውትዎ ነው። «ሰውዬው ደግሞ ምን ነካው?» ብለው ገጹን እንዳይገልጡት አደራ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እርስዎ ሱቅ ውስጥና እርስዎ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ነው።

ስልክን ሳያጋድሙ እንደ ቆመ የሚታየውን አጭር ተከታታይ ድራማ ሳያዩት አይቀሩም። ገበያ ቀዝቅዞ ባንኮኒ ኋላ ቁጭ ብለው፣ ወይም አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ከፍተውት ይሆናል። ደሃ ናት ተብላ የተናቀችው ልጅ የባለጸጋ ልጅ ሆና ትገኛለች፤ አማቷ በጥፊ ትመታታለች፤ በሩ ብርግድ ይላል፤ ማን እንደ ገባ ሳናይ ክፍሉ ያልቃል። አንዱ ክፍል ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ነው። አብዛኛው ተከታታይ ከ50 እስከ 100 ክፍል ስለሚደርስ፣ ሲደመር የአንድ ሙሉ ፊልም ያህል ርዝመት አለው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ክፍሎች በነጻ ይታያሉ፤ ልብዎ ከተንጠለጠለ በኋላ ግን «ቀጣዩን ለማየት ሳንቲም ይግዙ» ይባላሉ። አስቀምሶ መሸጥ ማለት ይኸው ነው፤ እኛም እናውቅበታለን።

ይህ ንግድ ያደገው በቻይና ነው። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ2024 ከአጫጭር ድራማ የተገኘው ገቢ ከሲኒማ ቤት ትኬት ሽያጭ በልጧል። በአሜሪካ ኩዊቢ የተባለው ድርጅት 1.75 ቢሊዮን ዶላር ሰብስቦ፣ ታላላቅ ተዋንያን አሰልፎ በኤፕሪል 2020 በስልክ የሚታይ አጭር ድራማ ጀመረ፤ ዓመት ሳይሞላው በዲሴምበር ተዘጋ። በ2022 የመጣው ሪልሾርትና መሰሎቹ ግን በሌላ መንገድ ሄዱ። ስም የሌላቸውን ተዋንያን ይዘው፣ በትንሽ ገንዘብና በፍጥነት መሥራት ጀመሩ። አንድ ተከታታይ አብዛኛውን ጊዜ ከ300,000 ዶላር ባነሰ በጀት ተሠርቶ፣ ቀረጻው ከሰባት እስከ አሥር ባሉት ቀናት ውስጥ ያልቃል። በአሜሪካ የዚህ ሥራ ዋና ማዕከል ደግሞ ይኸው የምንኖርበት ሎስ አንጀለስ ነው።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። የአንድ ፊልም ያህል ታሪክ በአንድ ሳምንት መቅረጽ ያለበት ሰው ስቱዲዮ ውስጥ ግድግዳ የሚያቆምበት ጊዜም ገንዘብም የለውም። የተዘጋጀ ቤት፣ የተዘጋጀ ቢሮ፣ ዕቃው በመደርደሪያ የተደረደረ ሱቅና የሚሠራ ታክሲ ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት ነው አንድ ወጣት ጥቁር ኮፍያ አድርጎ ወደ ሱቅዎ ገብቶ፣ ዙሪያውን ቃኝቶ፣ «ቦታዎ ደስ ይላል፤ ለአንድ ሌሊት ሊያውሱን ይችላሉ?» የሚልዎ።

እኔንም ያለኝ እንዲሁ ነው። ባለፈው በጋ ነበር። 200 ዶላር ሊሰጠኝ፣ የሱቄን ስም ድራማው ላይ ሊያሳይልኝ ቃል ገባ። የሰው ልጅ እንጀራ ፍለጋ መጥቶ እንዴት ይመለሳል ብዬ እጅ ተጨባበጥንና ተስማማን። ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ገቡ። ያየሁትን ልንገርዎ፤ ከድራማው ይልቅ የድራማው ጓዳ ይገርማል። የካሜራው ማሳያ በጎኑ ተገልብጦ ቆሟል። ሥዕሉ ጠባብና ረጅም ስለሆነ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይበቃውም፤ ስለዚህ አንዷን ከፊት፣ ሌላዋን ከኋላዋ ያቆማሉ። የእኛ ሱቅ፣ ሁለት ደንበኛ ሲተላለፍ ትከሻ ለትከሻ የሚጋጭበት መተላለፊያ፣ ለካስ ለእነሱ ወርቅ ነው። በበርበሬውና በምስሩ መደርደሪያ መካከል ጥልቀት አለው። ታክሲም እንዲሁ ነው፤ የኋላ ወንበር ላይ ያለ ፊት የቆመውን ስልክ ሞልቶ ይታያል።

ተዋናይቱ ስድስት ጊዜ በጥፊ ተመታች። ከዚያ ልብስ ቀይራ መጣችና አለቀሰች፤ እንደገና ልብስ ቀይራ መጣችና ሳቀች። ነገሩ ግራ ገብቶኝ አንዷን ሠራተኛ ብጠይቃት፣ ሱቅ ውስጥ የሚታየው ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው፣ በአንድ ሌሊት ተጠቃልሎ እንደሚቀረጽ ነገረችኝ። ጠዋት አንድ ጊዜ ከወጡ መመለስ የለም። ይህንን ነገር ይያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የድምፅ ሠራተኛው ደግሞ የፍሪጆቹ ሞተር ድምፅ ስላስቸገረው ሁሉንም አጠፋ። ብልህ ልጅ ነው፤ የመኪናውን ቁልፍ ባንኮኒው አጠገብ ካለው ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠ። «መልሼ ሳላበራው ወደ ቤቴ መሄድ እንዳልችል ነው» አለኝ። በሙያው የታወቀ ዘዴ ነው። ነገር ግን ቁልፉ አንድ ነው፤ የእኔ ማቀዝቀዣ ሦስት ነው። ሲነጋ ሁለቱን አበራ፤ ጓዳ ያለውን ትልቁን የሥጋ ፍሪዘር ግን ረሳው። እኔም ደክሞኝ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ከቀትር በኋላ ስመለስ ጓዳው ሸትቷል፤ ለበዓል ያስመጣሁት ሥጋ ሁሉ ተበላሽቷል። ጉዳቱ 1,400 ዶላር ነበር።

ስልክ ደወልኩ፤ አይነሳም። የተሰጠኝ የድርጅት ስም ለዚያ አንድ ድራማ ብቻ የተቋቋመ ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ እሱም አብሮ አለቀ። የራሴን ኢንሹራንስ ብጠይቅ አስቀድሜ ከኪሴ የምከፍለው መጠን ከጉዳቱ በለጠ። 200 ዶላሩን ተቀብዬ 1,400 ዶላር ከሰርኩ ማለት ነው። ለመሆኑ ጥፋተኛው ማን ነው? የድምፅ ሠራተኛው ነው እንዳልል ሰውዬው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ደካማ ሰው ነው። ጥፋተኛው ይሉኝታዬ ነው።

ስለዚህ የዛሬው ምክሬ አጭር ነው፤ ሱቅዎን ያከራዩ እንጂ አያውሱ። በዚህ ድራማ በጀት ላይ «የመቅረጫ ቦታ» የሚል መስመር አለ። የመብራት ኪራይ፣ የምግብና የተዋናይ ክፍያ እንደ ተጻፈ ሁሉ የእርስዎም ገንዘብ እዚያ ተጽፏል። ካልጠየቁ ሌላ መስመር ላይ ይውላል እንጂ ለእርስዎ አይቀመጥም።

«ወረቀት ካልኩ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዱብኛል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ይህ ስጋት ሁለት መልስ አለው። አንደኛ፣ ፈቃድዎ በጽሑፍ እንዲሆን የሚፈልጉት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ድራማውን ገዝቶ የሚያሰራጨው ድርጅት የቦታው ባለቤት መፍቀዱን የሚያሳይ ፊርማ ይጠይቃል። ሥራውን የሚያውቅ ቡድን ውሉን አዘጋጅቶ ይመጣል፤ ወረቀት ሲባል የሚሸሽ ቡድን ፍሪዘርዎንም ረስቶ የሚሄድ ነው። ሁለተኛ፣ ቅድም ያዙልኝ ያልኩትን ያስታውሱ። የብዙ ክፍል ታሪክ በእርስዎ ሱቅ በአንድ ሌሊት ይቀረጻል። አንድ ነገር ቢበላሽባቸውና መመለስ ቢኖርባቸው፣ የእርስዎ መደርደሪያ በሌላው ክፍል ላይ ስለታየ ወደ ሌላ ሱቅ ሊሄዱ አይችሉም። አቅም የሚመስለው በእነሱ እጅ ነው፤ እውነተኛው አቅም ግን በእርስዎ ቁልፍ ላይ ነው።

ተዋንያኑ እንኳ ይህን ተረድተዋል። የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር በኦክቶበር 2025 በጀታቸው ከ300,000 ዶላር በታች ለሆነ የቁም ድራማዎች የተለየ ውል አውጥቷል። በጥፊ የምትመታው ውል ካላት፣ በጥፊ የምትመታበት ሱቅ ባለቤት ለምን አይኖረውም?

ውሉ ላይ የሚከተሉት ይኑሩ። ዋጋውን በስሜት አይጥሩ። የዚያ ቀን ሽያጭዎን፣ የሠራተኛዎን ደመወዝ፣ የመብራቱን፣ የጽዳቱንና ዕቃ መልሶ የመደርደሩን ወጪ ደምረው ትርፍ ይጨምሩበት። ከተባለው ሰዓት ቢያልፉ በየሰዓቱ የሚከፈለው ይጻፍ፤ ማለፋቸው አይቀርምና። የአንድ ሚሊዮን ዶላር የኃላፊነት ኢንሹራንስ የምስክር ወረቀት ይጠይቁ፤ የእርስዎ ስምም ተጨማሪ መድን የተገባለት ሆኖ ይጻፍበት። በሎስ አንጀለስ ከተማ በግል ሱቅ ውስጥም ቢሆን ለንግድ የሚቀረጽ ነገር ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱ ፊልምኤልኤ በተባለው ጽሕፈት ቤት በኩል ይወጣልና ቅጂውን ይመልከቱ። ኪራይ ላይ ካሉ የሕንፃው ባለቤት ይፈቅድ እንደሆነ የኪራይ ውልዎን ያንብቡ። ማቀዝቀዣዎችዎን ቆጥረው በቁጥር ያስፈርሙ፤ ሲወጡም እርስዎ ራስዎ ቆመው ያብሩ። ገንዘቡ ገቢ ነው፤ ታክስ ላይ ይግባ።

ባለታክሲ ከሆኑ ደግሞ አስቀድመው ኢንሹራንስዎ ጋ ይደውሉ። የእርስዎ ኢንሹራንስ መንገደኛ ለማጓጓዝ ነው እንጂ ለፊልም ላይሆን ይችላል። በድራማ ላይ የሚሮጥ የሚመስለው መኪና ብዙ ጊዜ ቆሞ ነው፤ ሰው ከውጭ እየነቀነቀው፣ መብራት በመስኮቱ እያሳለፈ ይቀረጻል። መኪናዎ ይቁም፤ መሪውን ተዋናይ አይያዝ። ሜትሩ ሙሉ ሌሊት ቢሠራ ኖሮ የሚቆጥረውን ያህል ዋጋ ይጠይቁ።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልግባ፤ ይኸውም ወደ ኢሚግሬሽን። ሌሊት ላይ አንድ ተዋናይ ሲቀር አዘጋጁ ሱቁን ዞር ብሎ ያያል። «ያቺ ልጅ ደንበኛ ሆና ትቁምልን፤ 150 ዶላር እንሰጣታለን» ይላል። ያቺ ልጅ የእርስዎ ሠራተኛ፣ የወንድምዎ ልጅ፣ ወይም ለሠርግ የመጡት አክስትዎ ሊሆኑ ይችላሉ። ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም። ክፍያ ያለው ትወና ሥራ ነው። በጎብኚ ቪዛ የመጣ ሰው ሊሠራው አይችልም። በኤፍ ዋን ቪዛ ያለ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ ያለ ፈቃድ ሊሠራው አይችልም። ጥገኝነት ጠይቆ የሥራ ፈቃድ ካርዱን ያላገኘ ሰውም እንዲሁ ነው። ካርድ ያለውም ቢሆን የሚያበቃበትን ቀን ይመልከት፤ ከኦክቶበር 30 ቀን 2025 ወዲህ የእድሳት ማመልከቻ ላስገቡ አብዛኞቹ ሰዎች፣ ማመልከቻ በማስገባት ብቻ ፈቃዱ በራሱ ይራዘም የነበረው አሠራር ቀርቷል።

ከሌላ ሥራ የሚለየው ደግሞ ይህ ነው። ጓዳ ሆኖ ሳህን ያጠበን ሰው ማንም ላያየው ይችላል፤ በዚህ ድራማ ላይ የቆመ ሰው ፊቱ ዓለም ሁሉ ስልክ ላይ ነው፤ አይሰረዝም። ለ150 ዶላር ብሎ የዓመታት ተስፋን በገዛ ፊት መመስከር አይገባም። ልጅዎም ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ፣ በካሊፎርኒያ ለትወና የተለየ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ ከክፍያዋም 15 ከመቶው በስሟ በአደራ ሒሳብ ይቀመጣል። ስለ ሌላው የግል ጉዳይዎ ጠበቃ ያማክሩ፤ እኔ ባለሱቅ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። የእኛም ልጆች ይህን ሥራ ጀምረዋል። በስልክ ቀርጸው፣ በአማርኛ ጽፈው፣ ሱቃችንን ሊጠይቁን ይመጣሉ። እነሱን እንዳያባርሩብኝ። ከመደርደሪያችን ኋላ ያለውን ኑሮ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ የውጭ ሰው ሲጽፈን ወይ ሌባ ወይ ምስኪን ያደርገናል። ለእነሱ ዋጋውን ይቀንሱላቸው፤ ከፈለጉም በነጻ ይስጧቸው። ወረቀቱን ግን አይቀንሱላቸው። ዛሬ ከአጎቱ ጋር መፈራረም የለመደ ልጅ ነገ ከትልቅ ድርጅት ጋር ሲቀመጥ እጁ አይንቀጠቀጥም። ሥራውም በእውነት ሥራ የሚሆነው ያኔ ነው።

ይህ ምክር ገንዘብ ወዳድ አድርጎ እንደሚያስቆጥረኝ አውቃለሁ። እንግዳ ተቀባይነታችን ክብራችን ነው፤ ቡናውን አፍልተው ያቅርቡ፣ እኔም አቅርቤያለሁ። ነገር ግን እንግዳ የሚባለው ሲነጋ ስሙንና አድራሻውን የሚያውቁት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፣ ጥቁር ኮፍያ ያደረገው ወጣት ሱቅዎን ሲያደንቅ አመስግነው ወንበር ይስጡት፤ ቀጥሎም ብዕር ያቀብሉት።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። ሳምንት በቸር ያገናኘን።