በቀጠሮ የሚያልፍ ልጅነት

ባለፈው ቅዳሜ እናቱን ከባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብለን ስንመለስ፣ የልጅ ልጄ የማረፊያውን ስም አንሥቶ ጠየቀኝ። «አባባ፣ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አርበኛ ከነበረ ለምን ሰቀሉት?» እናቱ «ተወው» በሚል ዓይን አየችኝ። እኔም ጣና ዳር ቁጭ ብለን እነግርሃለሁ ብዬ አሳለፍኩት።

ማታ ታንኳ ሲያልፍ እያየን ነገርኩት። በላይ በጎጃም ጣልያንን ተዋግቶ ከነጻነት በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣላ፤ ሞትም ተፈረደበት። ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት። እሱ ግን ከእስር አመለጠ፤ ተይዞም በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ሞት የቀረለት ሰው ለምን ያመልጣል? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አንዴ ሞት የተፈረደበት ሰው ምሕረቱንም የሚያምነው አይመስለኝም። በላይ ራሱ አባቱን ያጣው በልጅነቱ ነው። ሲሰቀል ደግሞ ሴት ልጁ ገና ሕፃን ነበረች።

ዛሬ ሕጉ ሌላ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአደባባይ መስቀልን ይከለክላል፤ ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ዓመት ባልሞላው ላይም ሞት አይፈረድም። ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው፣ ይቅርታም አለመደረጉ ሳይረጋገጥ ቅጣቱ አይፈጸምም። ደግ ነው። ግን ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል፤ ጊዜውን የሚቆጥሩት ደግሞ ስንቅ የሚያመላልሱ ቤተሰቦች ናቸው።

የደርግ ባለሥልጣናትን ችሎት አስታውሱ። በ1987 ተጀመረ። በ1999 ዕድሜ ልክ ተፈረደ፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ በ2000 ሞት ሆነ፤ በ2003 ደግሞ የ23ቱ ሞት ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። ችሎቱ ሲጀመር የተወለደ ልጅ 16 ዓመት ሞላው ማለት ነው። በሌላው ወገን፣ አባቶቻቸው በኅዳር 1967 የተረሸኑባቸው ልጆች ፍርዱን የሰሙት ከ32 ዓመት በኋላ ነው፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ወላጅ ሆነው። ማን የበለጠ ጠበቀ ብዬ ለመመዘን አልደፍርም።

ለወላጆች የምለው አንድ ነገር አለኝ። አባቱ የታሰረበትን ልጅ «ውጭ አገር ሄዷል» ብለው ያሳደጉ ቤቶችን አውቃለሁ። እናት ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ነጠላዋን ለብሳ በማለዳ ትወጣለች፣ ማታ ዓይኗ አብጦ ትመለሳለች፤ ልጁ ምንም እንዳላየ ሆኖ ያድጋል። እውነቱን የሚሰማው ግን ከትምህርት ቤት ጓደኛው አፍ፣ ያውም በጠብ መካከል ነው። ፍርዱ ምን እንደሚሆን አይታወቅም ብሎ መንገር ይከብዳል፤ ቢከብድም ከእናቱ አፍ ይስማው።

የልጅ ልጄ ታንኳው ከዓይናችን እስኪሰወር ዝም አለ። ከዚያ «ሴት ልጁስ? ማን ነገራት?» አለኝ።

እናቱ ከኋላችን መጥታ ቆማ ነበር። «እስቲ ቁጭ በይ» አልኳት።